ዓለማየሁ ገና ልጅ ሳለ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ባለፈው ቅዳሜ ከልጄ ጋር የሄድንበትን ቦታ ላጫውታችሁ።

እዚህ እንግሊዝ ያለን ሐበሾች ልዑል ዓለማየሁን ስናነሳ ቶሎ የሚታወሰን ዊንዘር ነው፤ መቃብሩ እዚያ ነዋ። እኔም ስንቴ ሄጃለሁ። ግን እዚያ የምናገኘው በ18 ዓመቱ ያረፈውን ወጣት ነው። ልጁን ማግኘት የፈለገ በደቡብ እንግሊዝ ወዳለችው ዋይት ደሴት፣ ፍሬሽዋተር ይሂድ።

ዘመኑን በፈረንጆቹ ልንገራችሁ፤ 1868 ነው። በሚያዝያ አባቱ አጼ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሞቱ። በግንቦት እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በጉዞ ላይ ሳሉ አረፉ። በሐምሌ ልጁ ይህች የገጠር አጥቢያ ውስጥ ነበር። ሰባት ዓመቱ ነው። የኔም ልጅ ሰባት ዓመቱ ነው። ይዤው የሄድኩት ለዚያ ነው።

መንገዱ ቀላል ነው። ከሊሚንግተን በመርከብ ያርመዝ ትሻገራላችሁ፤ 40 ደቂቃ ገደማ ነው። አውቶቡስ አለ፣ እናንተ ግን በእግር ሂዱ። በ1953 የተዘጋው የባቡር መስመር አሁን የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ሆኗል። ወንዙን ይዞ ይሄዳል፣ ዳገት የለውም፣ ልጅ አያደክምም። ባሕሩ ጋ ስትደርሱ ቅድስት አግነስ የምትባል የሣር ክዳን ቤተክርስቲያን አለች። እኔ ሣር ክዳን ሳይ አገሬ ትዝ ይለኛል። እሷ ግን የተሠራችው በ1908 ስለሆነ ዓለማየሁ አላያትም።

ዲምቦላን ግን አይቶታል። የፎቶ አንሺዋ የጁሊያ ማርጋሬት ካሜረን ቤት ነው፤ ዛሬ ሙዚየም ሆኗል፣ ሻይ ቤትም አለው። በዚያ ሐምሌ ዓለማየሁን ፎቶ ያነሳችው እሷ ናት። ከአሳዳጊው ከእንግሊዛዊው መኮንን ካፒቴን ስፒዲ ጋር የተነሳውም አለ። ስፒዲ የኛን ልብስ ለብሶ፣ ጋሻ ይዞ ይታያል። አማርኛ ይናገር ነበር፤ ያገራችን ሰዎችም «ባሻ ፈለቀ» ይሉት ነበር። እስቲ አስቡት፣ አባትና እናቱን ያጣ ልጅ በሰው አገር በቋንቋው የሚያናግረው ሰው ሲያገኝ። ያም ሰው ግን የመጣው ከወራሪው ጦር ጋር ነው። ይሄ ነገር ሁሌም አንጀቴን ይበላዋል።

በዚያ ዘመን ፎቶ መነሳት ዛሬ እንደለመድነው አይደለም። በካሜረን ካሜራ ውስጥ እንደ ፊልም የሚያገለግለው መስታወት ምስሉን እስኪይዝ ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ ነበር። ልጄን «እስቲ አንድ ደቂቃ ዝም ብለህ ተቀመጥ» አልኩት። አልቻለም። የዓለማየሁን ፊት ስታዩት ግን ጭጭ ብሏል። ፎቶውን ብዙ ጊዜ በስልኬ አይቼዋለሁ፤ እዚያው ቤት ቆሜ ሳስበው ግን እንባዬ መጣ።

ከሰዓት ቴኒሰን ዳውን የሚባለው ኮረብታ ላይ ወጣን። 147 ሜትር ነው፤ አናቱ ላይ ትልቅ የድንጋይ መስቀል ቆሟል። በሁለቱም በኩል ባሕር ይታያል። ነፋሱ ኃይለኛ ነው፤ ጋቢ ቢኖረኝ ብያለሁ።

ስንመለስ ልጄ ባሕሩ ዳር ጠጠር ይወረውር ጀመር። አንዱን ለብቻው ኪሱ ከተተ። «ይሄስ?» አልኩት። «ዊንዘር ስንሄድ ለዓለማየሁ እንሰጠዋለን» አለኝ። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። በሚቀጥለው ወር እንወስድለታለን።