ሃያ ቀን መተኛት

እንደምን ከረማችሁ። ድምፄ ራቅ ካለባችሁ አትፍረዱብኝ። እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ ነው የማወራው፤ ጄሶው ወደ ማይኩ አላስጠጋኝም።

ደረጃ ላይ ነው ጉዱ የመጣው። ስልኬን እያየሁ ስወርድ የመጨረሻዋን ደረጃ ሳትኳት። ከትንሿ ጣቴ ከፍ ብላ ያለችው አጥንት ቀጭ አለች። ሐኪሙ «ስድስት ሳምንት እንዳትረግጠው» አለኝ። እኔ ሆዬ በአሥረኛው ቀን ዳቦ ልገዛ ሱቅ ወረድኩ። አጥንቷ ተንሸራተተች፤ ይኸው እንደገና ከዜሮ። ዳቦውም አልቆ ነበር።

ተኝቼ ምን ሳነብ ሰነበትኩ መሰላችሁ? በጥንቱ የግሪክ ሐኪም በሂፖክራተስ ስም ከተላለፉልን ጽሑፎች ስለ ስብራት የሚያወራውን። 2,400 ዓመት ገደማ ይሆነዋል። እዚያ ውስጥ ራሴን አገኘሁት! ከቁርጭምጭሚት በታች ያሉት ትናንሽ አጥንቶች አብዛኞቹ በ20 ቀን ይጠግናሉ ይላል። ቅልጥም 40፣ ጭን 50። በሽተኛው ግን ሕመሙን ይንቀዋል፣ ሳይድን ተነስቶ ይራመዳል፤ ስለዚህ ብዙው ሰው በደንብ አይድንም። እግር የሰውነትን ክብደት ሁሉ ተሸካሚ ነውና ሕመሙ በኋላም እየመጣ ያስታውሰዋል። ሱቅ ስወርድ ያየኝ ነው የሚመስለው።

እናቴ «ወጌሻ ቢያይህ ይሻል ነበር» ትላለች። ወጌሻ አልንቅም፤ እጁ የተባረከ አለ። ግን ቀርከሃውን ጥርቅም አድርጎ አስሮ የሚሄድም አለ። ደም ሳይደርስ ቀርቶ እግሩ የተቆረጠ ስንት ሰው አለ።

ግሪኩ ይህን ነገር ፈርቶታል። ሰምና ቅባት ቀብቶ በጨርቅ ይጠቀልላል፣ ከዚያ በሽተኛውን ጠበቀህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። በማግስቱ በእጁ ወይም በእግሩ ጫፍ ላይ ለስለስ ያለች ትንሽ እብጠት ከታየች አስተሳሰሩ ልክ ነው። ምንም ካላበጠ ላልቷል። ትልቅና ደረቅ እብጠት ከሆነ ጠብቋል፣ ይፈታ። ደህና የታሰረውንም በየሦስተኛው ቀን ፈትቶ እንደገና ያስረዋል። ስብራቱን ደግፎ የሚይዘው እንጨት የሚገባው እብጠቱ ከጎደለ በኋላ ነው፣ በሰባተኛው ቀን አካባቢ።

አንዲት ያሳቀችኝ ነገር አለች። ለተሰበረ እግር ከሥር የሚያስገቡት እንደ ጣሪያ አሸንዳ ጎድጎድ ያለ ነገር ነበራቸው። ጸሐፊው ሰዎች የሚያስቡትን ያህል እንደማይጠቅም ያውቃል። ቢሆንም ሕዝቡ ያምንበታል፣ ያደረገ ሐኪም ከወቀሳ ይድናል ይላል። ዛሬስ መርፌ ካልተወጋ ታከምኩ የማይል ሰው ስንት ነው?

እኔ አሁን አዲሱን ጄሶ ካሰርኩ አራተኛ ቀኔ ነው። ቆይ፣ ጣቶቼን ልንካቸው... ይሞቃሉ። ትንሿ አበጥ ብላለች፣ ግን ለስላሳ ናት። በሉ፣ የሚቀጥለውንም ተኝቼ ነው የምቀዳው።