ኤርቫንድ አብራሃሚያንና የ1953ቱ የኢራን መፈንቅለ መንግሥት

[ምስል፦ የአባዳን የነዳጅ ማጣሪያ፣ ጥቁርና ነጭ ፊልም]

ተራኪ፦ ኦገስት 19 ቀን 1953 የኢራኑ ጠቅላይ ሚኒስትር መሐመድ ሞሳዴቅ በመፈንቅለ መንግሥት ከሥልጣን ተወገዱ። በዚህ ቪዲዮ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በሴራው የአሜሪካና የብሪታኒያ የስለላ ድርጅቶች እጅ እንደነበረበት የታወቀ ሲሆን፣ የታሪክ ምሁራንን እስከ ዛሬ የሚያከራክረው ግን ምክንያቱ ነው።

በኒው ዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ባሩክ ኮሌጅ ለረጅም ዓመታት ያስተማሩት ፕሮፌሰር ኤርቫንድ አብራሃሚያን በ1940 ቴህራን ውስጥ ከአርመን ቤተሰብ የተወለዱ ሲሆን፣ የኢራንን ፖለቲካ ከቤተ መንግሥቱ ይልቅ ከባዛሩ፣ ከሠራተኛ ማኅበራቱና አደባባይ ከሚወጣው ሕዝብ በኩል በማጥናት ይታወቃሉ።

የተለመደው ትንታኔ ዋሽንግተን ኢራን በኮሚኒስቱ የቱዴህ ፓርቲ እጅ ትወድቃለች ብላ ሰግታ ነበር ይላል። አብራሃሚያን ግን የጠቡ ሥር በ1951 ወደ መንግሥት ይዞታ የተዛወረው ነዳጅ መሆኑን፣ ያውም ነገሩ ስለ ካሳ ክፍያ ሳይሆን ምን ያህል ይመረት፣ ለማንስ ይሸጥ የሚለውን ማን ይወስን በሚለው ላይ እንደነበር ይሞግታሉ።

[ምስል፦ የ1954ቱ ድርሻ በሰንጠረዥ]

ተራኪ፦ ከመፈንቅለ መንግሥቱ በኋላ፣ በ1954፣ የኢራንን ነዳጅ የማምረቱና የመሸጡ ሥራ ለውጭ ኩባንያዎች ኅብረት ተከፋፈለ፤ ቀድሞ ሁሉን ለብቻው ይዞ የነበረው የብሪታኒያ ኩባንያ 40 በመቶ ሲቀርለት፣ የአሜሪካ ኩባንያዎች በድምሩ 40፣ ሼል 14፣ የፈረንሳዩ ኩባንያ ደግሞ 6 በመቶ ደረሳቸው። ነዳጁ በስም የኢራን ንብረት ሆኖ ቢቀጥልም፣ ኩባንያዎቹ ሒሳባቸውን በኢራን ኦዲተሮች ለማስመርመር እንኳ ፈቃደኛ አልነበሩም። የኮሚኒዝም ፍርሃቱ የይስሙላ ነበር ማለት ባይቻልም፣ ይህን ክፍፍል ያየ ሰው የፕሮፌሰሩን ክርክር በቀላሉ ሊያጣጥለው አይችልም።

የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በ1989 ስለዚያ ዘመን ያሳተመው የሰነድ ጥራዝ የሲአይኤን ሚና ሳያነሳ በማለፉ በታሪክ ምሁራን ዘንድ ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ፤ በ1991 ሚኒስቴሩ የተሟላ መዝገብ እንዲያትም የሚያስገድድ ሕግ ለመውጣቱም አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር። ያም ሆኖ የታረመው ጥራዝ የወጣው በ2017 ነው። አብራሃሚያንም ሰማንያ ዓመት ከሞላቸው በኋላ፣ በ2021፣ በእነዚሁ ሰነዶች ላይ የተመሠረተ ሌላ መጽሐፍ አሳተሙ።

[ምስል፦ በጥቁር ቀለም የተሰረዘ ቴሌግራም]

ተራኪ፦ ይሁን እንጂ ሲአይኤ ስለ ዘመቻው ከነበሩት ፋይሎች ብዙዎቹን በ1960ዎቹ መጀመሪያ አስወግዷል፤ የብሪታኒያ የስለላ ድርጅት መዝገብም ለተመራማሪ ዝግ ነው። ስለዚህ በርዕሱ ላይ የሚሠራ ተማሪ የኤምባሲ ቴሌግራሞችን፣ የፋርስኛ ጋዜጦችንና የተሳታፊዎችን ማስታወሻ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማመሳከር ግድ ይሆንበታል።