ቁልፉ በማን ኪስ ነው? (በጅማ በደጋፊዎች ማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር)

የተከበራችሁ እንግዶች፣ አባቶችና እናቶች፣ ውድ አባላት፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። የሂሳብ ሪፖርቱ ከሻይ በኋላ ይነበባል። አንጸባራቂ ሰደርያ ተገዝቷል፣ የመጀመሪያ ርዳታ ሥልጠና ተሰጥቷል፣ ከጨዋታ በፊት ድንጋይ መልቀሙም ቀጥሏል። ክለባችን ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊግ ባደገበት ዓመት ዋንጫ ያነሣለት ደጋፊ ይህን ቢያደርግ አይደንቅም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልግባ። በስታዲየሙ በር ላይ የሚቆም ሰው አጣን! ሰደርያ ለብሶ ፊቱን ወደ ሜዳው አዙሮ ጎል የሚጠብቅ ሰው አስተባባሪ አይደለም፤ በነጻ የገባ ተመልካች ነው።

ብዙ ሰው የሚያልቀው ከጠብ የሚሸሸው መውጫ ሲያጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ብራሰልስ፣ ሄይሰል ስታዲየም ላይ የሊቨርፑል ደጋፊዎች ሲያጠቁ የሸሹት ግድግዳ ጥግ ተጨናነቁ፤ 39 ሰው ሞተ። እ.ኤ.አ. በ2001 ጋና፣ አክራ ላይ ወንበር ተወረወረ፣ ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ተኮሰ፣ ሕዝቡ ወደ በር ሮጠ፤ በሩ ተቆልፏል። 126 ሰው። በ2022ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ያውንዴ፣ ኦሌምቤ ስታዲየም ላይማ ጠብም አልነበረም፤ መከፈት የነበረበት በር ተዘግቶ 8 ሰው በግፊያ ሞተ። አስለቃሽ ጭስ ወደ ስታዲየም እንዳይገባ የፊፋ ደንብ ይከለክላል። ቁልፉን የምንይዘው ግን እኛው ነን።

የእንግሊዞቹ የስታዲየም ደኅንነት መመሪያ በደልዳላ መሬት ለአንድ ሜትር ስፋት በደቂቃ 82 ሰው፣ በደረጃ ላይ 66 ያልፋል ይላል። ሦስት ሜትር በር በስምንት ደቂቃ የሚያሳልፈው ሁለት ሺህ ሰው እንኳ አይሞላም። ከበሩ ሁለት ተካፋቾች አንዱ ከተዘጋ ግማሹን ቀንሱ። ባለ ቁልፉ ቡና ሊጠጣ ከወጣ ደግሞ ዜሮ ነው።

ስለዚህ በአንድ በር ሁለት ሰው ይቁም፤ ተተኪ ሳይመጣ ማንም አይነቃነቅ። 75ኛው ደቂቃ ላይ ሁለቱም ተካፋች ወለል ብሎ ይከፈት፣ በመንጠቆም ይያዝ። በድንጋይ አታስደግፉ፤ ጠዋት የለቀምነውን ድንጋይ ማታ ለተናደደ ሰው ማቀበል ነው። የእንግዳ ደጋፊዎች አውቶቡስም ከመጨረሻው ፊሽካ በፊት በራቸው አጠገብ ይድረስ።

ዛሬም ለቀሩት አድርሱልኝ፦ ለዕድር ቅጣት ፈርታችሁ በሰዓቱ ትገኛላችሁ፤ እዚህ መዋጮ ልካችሁ ትቀራላችሁ። መዋጮ በር አይከፍትም። ስማችሁ ተራ መዝገቡ ላይ አለ፣ ፊርማችሁ የለም።

መዝገቡ መግቢያው ጠረጴዛ ላይ ነው። ለመጪው ጨዋታ የእንግዳ ደጋፊዎች በር አንድም ሰው አልተመዘገበበትም።