ትንፋሽ ከመያዝ በፊት

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ የማወራችሁ ነገ ጠዋት ስለምጀምረው የፍሪዳይቪንግ ትምህርት፣ ማለትም የአየር ታንክ ሳይሸከሙ በአንድ ትንፋሽ ብቻ ወደ ውኃ ውስጥ ስለመጥለቅ ነው።

በተመዘገብኩበት ዕለት ዝግጅት ማለት ትንፋሽን አስረዝሞ መያዝ መስሎኝ ነበር። ስለዚህ ማታ ማታ ምንጣፍ ላይ በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ ሰዓት እየተመለከትኩ ትንፋሼን መያዝ ጀመርኩ። አንድ ደቂቃ ካለፈ በኋላ ሆዴ ሳላዘው ይርገበገባል፤ እኔም ኦክስጅኔ ያለቀ መስሎኝ ደንግጬ እነሣለሁ። በኋላ ሳነብ እንደተረዳሁት፣ ያ የመተንፈስ ጉጉት በዋናነት የሚመጣው ኦክስጅን በማለቁ ሳይሆን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደም ውስጥ በመጠራቀሙ ነው። ደወሉ የሚደወለው ጎተራው ገና ሳይራቆት ነው ማለት ነው።

ይህ ዕውቀት ቢያጽናናኝም፣ ሌላው ገጽታው አስፈርቶኛል። ከመጥለቅ በፊት ቶሎ ቶሎና በኃይል የሚተነፍስ ሰው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን አጥቦ ያስወጣል፤ በደሙ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ግን እዚህ ግባ በማይባል መጠን ብቻ ነው የሚጨምረው። በዚህም ምክንያት ደወሉ ይዘገይና ሰውየው ያለ ማስጠንቀቂያ ራሱን ሊስት ይችላል፤ ወደ ላይ ሲመለስም የውኃው ግፊት እየቀነሰ ሲሄድ በሳንባው ያለው የኦክስጅን ግፊት አብሮ ስለሚወርድ፣ አደጋው የሚበረታው ከውኃው ወለል ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ነው። ልምምዴን በምንጣፉ ብቻ ወስኜ፣ በቤት ውስጥ መታጠቢያ ገንዳ እንኳ ብቻዬን ላለመሞከር የቆረጥኩት ይህን ካወቅሁ በኋላ ነው። በትምህርቱም አንዱ ሲጠልቅ ሌላው ከላይ ሆኖ ይጠብቀዋል።

ከሳንባዬ ይልቅ ያሠጋኝ ግን ጆሮዬ ነው። በ10 ሜትር ጥልቀት ላይ ግፊቱ ከውኃው ወለል እጥፍ ስለሚሆን አየር መጠኑ በግማሽ ይቀንሳል፤ ከታምቡር በስተጀርባ ያለው አየር ካልተተካም ታምቡሩ ወደ ውስጥ ይለጠጣል። ብዙዎቻችን አውሮፕላን ውስጥ የምናደርገው፣ አፍንጫን ቆንጥጦ ከደረት መግፋት፣ በዘቅዛቃ አካል ላይ ቶሎ ይደክማል። ፍሬንዘል የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም ለጦር አውሮፕላን አብራሪዎች ያስተማረው ዘዴ ግን ጉሮሮን ዘግቶ፣ ምላስን እንደ ፒስተን ወደ ላይና ወደ ኋላ በመግፋት በአፍና በጉሮሮ ያለውን አየር ወደ ጆሮ መላክ ነው። ሳምንቱን ሙሉ መስታወት ፊት አፍንጫዬን ቆንጥጬ ስቆም ሰነበትኩ፤ ክብር የሚጨምር ትዕይንት አይደለም። ሆድና ደረት ሳይንቀሳቀሱ የአፍንጫ ቀዳዳዎች እብጥ ካሉ ዘዴው እየሠራ ነው ይባላል፤ ከአምስት ሙከራ ሦስቱ ተሳክቶልኛል።

የተቀረው ዝግጅት ቀላል ነው። የጤና ቅጹን ሳልደብቅ ሞልቻለሁ፤ የዋና መነጽሬንም ትቼዋለሁ፤ አፍንጫን ስለማይሸፍን በውስጡ ያለውን ግፊት በአፍንጫ አየር ማመጣጠን አይቻልምና፣ ማስክ ያስፈልጋል።

ይህን ስቀርጽ ድምፄ ትንሽ እንደታፈነ ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ከትናንት ጀምሮ ጉንፋን ቢጤ ይዞኛል፤ በተዘጋ አፍንጫ ደግሞ ጆሮን ማመጣጠን አይቻልም። ጠዋት መስታወቱ ፊት ቆሜ እሞክራለሁ፤ እንቢ ካለኝ ለአሰልጣኙ ደውዬ ቀኑን አዛውራለሁ።