ውስጥ ውስጡን የተበላ ጎማ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬም ብቻዬን ነኝ። የምቀዳው ከቤቴ ነው፣ አዳማ፣ ስለዚህ ነፋሱና የባጃጁ ድምፅ ከገባባችሁ ቻሉኝ። መስኮቱን ብዘጋው በሙቀት አልቃለሁ፣ ብከፍተው አቧራው ማይኩ ላይ ይቀመጣል። ከፍቼዋለሁ።

የዛሬው ወሬ ስለ ጎማ ነው። አውቃለሁ፣ ባለፈው "ስለ ትዕግሥት እናወራለን" ብዬ ነበር። ቆዩ፣ እሱም ይመጣል።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ በኋላ እኔም እንደ ብዙ ሰው የኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ። አዲስ፣ የወንበሩ ላስቲክ እንኳ ያልተነሳ። ባለቤቴ ላስቲኩን ለሁለት ወር አላስነሳ አለችኝ፤ በአዳማ ሙቀት ላስቲክ ላይ ተቀምጦ አዲስ አበባ መድረስ ምን እንደሆነ የቀመሰው ያውቀዋል። ሥራዬ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ያመላልሰኛል። በፍጥነት መንገዱ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ደርሶ መልስ 170። ስለዚህ ኪሎ ሜትሩ ሳላስበው ሄደ። በስምንተኛው ወር 17 ሺህ ላይ ነበርኩ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የፊት ግራ ጎማው ተንፍሶ አገኘሁት። ሚስማር ነው ብዬ ሞላሁትና ቀስ እያልኩ ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ወዳለ አንድ ጎሚስታ ሄድኩ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ተገልብጦ የተቀመጠ ቸርኬ ላይ ነው የሚቀመጡት። ጎማውን ፈቱት፣ ወደ ውሃው ገንዳ ሊያንከባልሉት ሲሉ ቆም አሉና ዞር ብለው አዩኝ።

"ይሄ መኪና ስንት ዓመቱ ነው?"

"ኧረ ጋሼ፣ ስምንት ወሩ ነው።"

"ሽቦ አውጥቷል እኮ ልጄ።"

አላመንኩም። ከውጭ ስታዩት ጥርሱ ሙሉ ነው፣ ገና ይኖራል የምትሉት ጎማ። ገልብጠው የውስጡን ጎን አሳዩኝ። ሁለት ጣት የሚያህል ስፋት ዙሪያውን ልጥ ብሏል። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ላስቲኩ አልቆ ቀጫጭን ሽቦ፣ እንደ ድመት ጢም፣ ብቅ ብሏል። የቀኙንም ፈቱት። እሱም ያው ነው፣ ሽቦው ብቻ አልወጣም።

ከዚያ እጄን ያዙና ጎማው ላይ አስደገፉኝ። "ከውጭ ወደ ውስጥ ሳብ አድርገው።" ይሻክራል፣ መጋዝ የምነካ ነው የመሰለኝ። "አሁን መልሰው።" ለስላሳ። እያንዳንዱ ጥርስ በአንድ በኩል ተሞርዷል። ዓይን አያየውም፣ መዳፍ ግን ወዲያው ያገኘዋል።

"መሀሉ ቢበላ ነፋስ በዝቶበታል እልህ ነበር። ሁለቱም ጎን ቢበላ ነፋስ አንሶታል። ጉድጓድ ጉድጓድ ቢሆን አሞርዛተሩን እይ እልህ ነበር። ይሄ ግን የጎማዎቹ አቋቋም ነው። አላይመንት ሂድ፣ አቋቋሙን ለክተው ያስተካክሉልሃል።"

እዚያው ተቀመጥኩ። ሐሙስ ዕለት በዚህ ጎማ 120 ነድቻለሁ። ልጆቹ ኋላ ነበሩ፣ ትንሹ ተኝቶ ነበር። ስለ ገንዘቡ ማሰብ የጀመርኩት በጣም ቆይቼ ነው።

አላይመንት ቤቱ መኪናውን ማሽኑ ላይ ሰቀለውና ወረቀት አወጣ። አረንጓዴና ቀይ ያለበት ወረቀት ነው፤ አረንጓዴው ደህና ነው፣ ቀዩ ከልክ ወጥቷል። ፊት ግራም ፊት ቀኝም ቀይ፣ እያንዳንዳቸው 0.4 ዲግሪ አፋቸውን ወደ ውጭ ከፍተዋል። ጫማ አድርጎ እግሩን ፈርከክ አድርጎ የሚራመድ ሰው አስቡ፣ እንደዚያ።

ዜሮ ነጥብ አራት ምን አላት ትላላችሁ። እኔም ብያለሁ። የአላይመንት ቤቱ ልጅ አስላልኝ። መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ጎማው ግን ወደ ጎን ማየት ይፈልጋል፣ ስለዚህ በየኪሎ ሜትሩ 7 ሜትር ያህል አስፋልቱ ላይ በጎን ይጎተታል። በ85 ኪሎ ሜትር ስታባዙት አዲስ አበባ በደረስኩ ቁጥር ጎማዬን 600 ሜትር ገደማ በጎኑ ጎትቼዋለሁ ማለት ነው። መመለሻውን ሳንቆጥር።

እዚህ ላይ ስህተት ሠራሁ። ልጁ "ላስተካክለው?" ሲለኝ "አስተካክል" አልኩት። ደግነቱ ከማስተካከሉ በፊት የወጣችው ወረቀት እጄ ላይ ቀርታለች። ለምን እንዳስቀመጥኳት እንኳ አላውቅም፣ ኪሴ ውስጥ ከፓርኪንግ ደረሰኝ ጋር አጣጥፌያት ነው የተገኘችው።

ሰኞ ወደ ሻጩ ሄድኩ። ስም አልጠራም፣ አትጠይቁኝ። የሰርቪስ ኃላፊው ጨዋ ሰው ነው፣ ሻይ ጋብዞኛል። ግን በአንድ ሻይ ውስጥ ሦስት ምክንያት ሰጠኝ። መጀመሪያ "ጎማ ዋስትና የለውም" አለ። እንደ ፍሬን ሸራና እንደ ዝናብ መጥረጊያ የሚያልቅ ዕቃ ነው፣ አለ። እሺ፣ ይሄ ልክ ነው፣ በነድኩት ልክ ለሚያልቅ ጎማ ማንም ጋራንቲ አይሰጠኝም። ቀጥሎ "የኤሌክትሪክ መኪና ጎማ ይበላል" አለ። ይሄም እውነት ነው። ባትሪው ከባድ ነው፣ ጉልበቱም ገና ሲረገጥ ነው ከች የሚለው። ግን ወንድሜ፣ ክብደት ቢሆን ሙሉውን ጎማ በላ እንጂ ለምን የውስጡን ሁለት ጣት ብቻ መርጦ ይበላል? ጉድጓድ መትቼ ቢሆንስ ቸርኬው ላይ ምልክቱ የታለ? ዝም አለ። ከዚያ ሦስተኛው መጣ።

"አላይመንቱን ሌላ ቦታ አስነክተሃል። አሁን ምን እንደነበረ በምን እናውቃለን?"

ወረቀቷን አወጣሁ። አየት አደረጋትና "ይሄ የእኛ ማሽን አይደለም" አለ። "ደግሞ ስትረከብ ትክክል ነበረ፣ ያዛባኸው አንተ ነህ ብንልስ?"

በዚህች መልስ አጣሁላት። መንገድ ላይ እስከ ቢሾፍቱ ድረስ እየመለስኩ ሳስባት ነበር። ስረከብ ትክክል ነበረ? ማን ለካው? እኔ አለካሁም። እነሱም ለክተው የሰጡኝ ወረቀት የለም። መኪናው መርከብ ላይ በገመድ ተወጥሮ ታስሮ መጥቷል፣ ከጅቡቲ ተጭኖ መጥቷል፣ ተጭኖ ወርዶ ተጭኖ ወርዶ ነው እኔ ጋ የደረሰው። እኔ ደግሞ ላስቲኩን ብቻ አይቼ አዲስ ነው አልኩ። በመጀመሪያው ሳምንት ለአላይመንት ትንሽ ብር ከፍዬ ያቺን ወረቀት አስወጥቼ ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ ክርክር አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ከተበላ በኋላ የሚለካ ነገር ሁሉ፣ ቀን የተጻፈበት ቢሆንም፣ "አንተ ነህ" ለሚል ሰው በር ይከፍታል።

ማታ የዋስትናውን ደብተር ሳጥን ከፍቼ አወጣሁ። ሲሰጡኝ ፈርሜ የከተትኩት ነው፣ አንድ መስመር አላነበብኩም። አላይመንትና ባላንስ፣ ማለትም የጎማው ሚዛን፣ ለብቻቸው ተጽፈዋል፦ 12 ወር ወይም 20 ሺህ ኪሎ ሜትር፣ ቀድሞ የደረሰው። ሞተርና ባትሪው ዓመታት ሲኖራቸው አላይመንቷ ግን አንድ ዓመት ብቻ አላት። 17 ሺህ ላይ ነኝ። አንድ ወር ተኩል ዘግይቼ ቢሆን አልቆልኝ ነበር። ስለ ጎማው ራሱ ደግሞ "የጎማ ፋብሪካውን ጠይቁ" ይላል። የፋብሪካው ዋስትና እንዲህ ያለውን አይነካም፤ እሱ የሚያየው ጎማው አብጦ ወይም ተላቆ ከሆነ፣ ማለትም ሲሠራ የተበላሸ ከሆነ ነው። አንዱ ሌላውን ያሳያል፣ አንተ መሀል ቤት።

ጠበቃ ጓደኛ አለኝ፣ ደወልኩለት። ገና ሳልጨርስ "በጽሑፍ ነግረሃቸዋል?" አለኝ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለዕቃው ጉድለት ዋስ ነው ይላል፣ ግን ገዢው መርምሮ ሳይዘገይ ማሳወቅ አለበት፤ በተራ ምርመራ የማይታይ ከሆነም እንደታወቀ። "በአፍ የነገርካቸውን እርሳው" አለ። "ሁለት ኮፒ አድርገህ ጻፍ፣ አንዱ ላይ ማህተም ሳታስደርግ እንዳትወጣ።"

ጻፍኩ። የተረከብኩበት ቀን፣ ኪሎ ሜትሩ፣ የጎማዎቹ ፎቶ፣ የወረቀቷ ኮፒ። ጎማው ጎን ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮችም ጨመርኩ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱ፣ የኋለኞቹ ዓመቱ ናቸው፣ የተመረተበት ማለት ነው። ይቺን ያሳዩኝ ጎሚስታው ናቸው፤ "ኋላ አሮጌ ጎማ ቀይረህ ነው የመጣኸው እንዳይሉህ" ብለው። አራቱም ጎማዎች አንድ ሳምንት የተሠሩ ናቸው። የጨዋታውን ሕግ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል።

የማህተሟ ነገር ለብቻዋ ታሪክ ናት። እንግዳ ተቀባይዋ "ማህተሙ እኔ ጋ የለም" አለች። የያዘችው ወጥታለች። ከምሳ በኋላ ትመጣለች። ከምሳ በኋላ መጣች፣ ማህተሙ ያለበት መሳቢያ ቁልፍ ግን ሌላ ሰው ጋ ነው። አሥር ሰዓት ላይ "ደርሶናል" የሚል ሰማያዊ ማህተም፣ ቀንና ፊርማ አገኘሁ። ትዕግሥት ያልኳችሁ ይቺ ናት። ከዚያ ቀን በኋላ ሲያናግሩኝ ድምፃቸው ተለወጠ።

በመሀል ግን ሌላ ነገር ያብሰለስለኝ ነበር። አባቴ የፊያት ኤን ትሬ፣ የጭነት መኪና፣ ሾፌር ነበር፣ የአሰብ መስመር። ጠዋት ጠዋት ሻይ ሳይጠጣ መኪናውን ይዞራል። ጎማዎቹን በእግሩ መታ መታ ያደርጋል፣ ጎንበስ ብሎ በመዳፉ ዳበስ ያደርጋቸዋል። እኛ ልጆች "አባዬ ከመኪናው ጋር ሰላም እየተባባለ ነው" እያልን እንስቅ ነበር። ያ ዳበሳ ምን እንደነበረ በአርባ ዓመቴ ጎሚስታው እጄን ሲይዙኝ ነው የገባኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ምልክቱ ነበረኝ። ከሦስት ወር በፊት ጀምሮ መቶ ላይ ስደርስ ከፊት በኩል ኡ... የሚል ድምፅ ነበር። የኤሌክትሪክ መኪና ሞተሩ አይጮህም፣ ስለዚህ የጎማ ድምፅ ይሰማል። ሰምቻለሁ። አስፋልቱ ነው አልኩ። ከዚያ ሙዚቃውን ከፍ አደረግኩት። አዲስ ነዋ! አዲስ መኪና ምን ይሆናል? አሮጌዋ መኪናዬ ቢሆን ኖሮ በዚያው ቀን ጋራዥ ነበርኩ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ደወሉ። አላይመንቱን በራሳቸው ማሽን በነፃ ያዩልኛል፣ ከሁለቱ ጎማ የአንዱን ዋጋ ይሸፍናሉ፣ "ለደንበኝነታችን ስንል" አሉ፣ ጥፋት አለብን አላሉም። የሁለተኛው ጎማ ዋጋ የዚያን ወር ደሞዜን አጎሳቁሎታል። የሚፈረም ወረቀት ነበረ፣ "ሙሉ በሙሉ ረክቻለሁ" ይላል። "ሙሉ በሙሉ" የሚለውን በእስክሪብቶ ሰርዤ ፈረምኩ። ልጅቷ አየችኝ፣ ምንም አላለችም፣ ማህተሟን መታች። በዚህ ጊዜ ቁልፉ እሷ ጋ ነበረ።

አዲሶቹ ጎማዎች በገቡ ማግስት አላይመንት ቤት ሄጄ አስለካሁ። ሁሉም አረንጓዴ። ወረቀቷን ከሊብሬው ጋር አስቀምጫታለሁ። ጠዋት ጠዋትም እንደ አባቴ እዞራለሁ። ጎረቤቴ "ምን ጠፋህ?" ይለኛል።

አሮጌው ጎማ፣ ሽቦ ያወጣው፣ እስካሁን ግቢያችን ውስጥ ነው። ማስረጃ ነው ብዬ አላስወጣም ብያለሁ። ባለፈው ዝናብ ውሃ ቋጠረ፤ አዳማና ትንኝ ደግሞ ታውቃላችሁ። ባለቤቴ ዛሬ ጠዋት ውሃውን ደፍታ ግድግዳ ላይ አስደገፈችውና "ወይ ክሰስበት፣ ወይ አስወጣው" አለችኝ። ፎቶ አንስቼዋለሁ፣ ከውስጡ በኩል። ይሄን ቀድቼ ስጨርስ ወደ ጎሚስታው ይዤው እሄዳለሁ፤ እሳቸው ለተማሪዎቻቸው ማሳያ እፈልገዋለሁ ብለውኛል።