እስቲ ጀርባውን ያሳዩኝ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነው የማወራው። ወሬው ሥዕል በኢንተርኔት ስለመግዛት ነው።

አቋሜን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ እደግፋለሁ። እንደኔ ዋሽንግተን ለሚኖር ሰው ሌላ ምን መንገድ አለው? አዲስ አበባ ካለው ከአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የወጡ ልጆች ሥራቸውን ኢንስታግራምና ቴሌግራም ላይ ይለጥፋሉ። ቀለሙ ሳይደርቅ እዚህ ሆኜ አየዋለሁ።

ችግሩ ስክሪን ላይ ሁሉም ያምራል። በእጅ የተቀባውም፣ ሸራ ላይ በማሽን የታተመውም፣ ከሌላ ሰው ገጽ ተሰርቆ የተለጠፈው ፎቶም እኩል ያምራል። ስለዚህ አንድ ሥዕል ልቤን ሲወስደው ሻጩን መጀመሪያ የምለው "እስቲ ጀርባውን ያሳዩኝ" ነው። የሥዕል ፊት ለዓይን ተብሎ ነው የሚሠራው። ጀርባው ላይ ግን ሸራው እንጨቱ ላይ እንዴት እንደተወጠረ ይታያል። ጠርዙ ላይ የፈሰሰ ቀለም አለ። ብዙ ሠዓሊዎች ስማቸውን፣ ርዕሱንና ዓመቱን እዚያ በእጃቸው ይጽፋሉ። በቪዲዮ ጥሪ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። ሥዕሉን መስኮት አጠገብ ያቁሙልኝ እላለሁ። ብርሃን ከጎን ሲያርፍበት ወፍራም ቀለም ጥላ ይጥላል፤ ህትመት ግን ዝርግ ነው። አንዳንድ ብልጦች ህትመቱ ላይ ግልጽ ጄል በብሩሽ ይለቀልቁበታል። ያኔ የብሩሹን ዱካ ተከተሉት፤ ከሥዕሉ ቅርጽ ጋር አይገጥምም።

ህትመት ነውር ነው እያልኩ አይደለም። ህትመት ተብሎ በህትመት ዋጋ ከተሸጠ እኔም እገዛለሁ።

እኛን የሚያስበላን ይሉኝታ ነው። "የአገሬ ልጅ ነው፣ እንዴት ደረሰኝ እጠይቀዋለሁ?" እንላለን። ኧረ ጠይቁ! ሠዓሊ ስለ ሥራው ሲጠየቅ ደስ ይለዋል፤ አንዴ ካስጀመራችሁት ማስቆሙ ነው የሚከብደው። በጥያቄ የሚቆጣ፣ "ሌላ ገዢ እየጠበቀኝ ነው፣ ዛሬውኑ ላኩ" የሚል ሻጭ ሲገጥመኝ እኔ በበኩሌ እሰናበተዋለሁ።

ሠዓሊው በሕይወት ከሌለ ነገሩ ይከብዳል። እስክንድር ቦጎሲያን ለዓመታት እዚሁ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተምሮ፣ እንደ ፈረንጆቹ በ2003 እዚሁ ዋሽንግተን ነው ያረፈው። የእሱ፣ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ወይም የአፈወርቅ ተክሌ ነው የተባለ ሥዕል በርካሽ ሲቀርብላችሁ ልባችሁ አይሩጥ። ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደዞረ የሚያሳይ የድሮ ደረሰኝ፣ ፎቶ ወይም የኤግዚቢሽን ካታሎግ ጠይቁ። "አያቴ ከሠዓሊው የተቀበሉት ነው" ማለት ወረቀት አይሆንም። የእውነተኛነት ሰርተፍኬትም ቢሆን ፕሪንተር ያለው ሁሉ ያትመዋል፤ ማን ፈረመው ነው ጥያቄው።

ይህ ደግሞ የእኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። ኒውዮርክ ውስጥ ኖድለር የሚባል ከ160 ዓመት በላይ የቆየ ጋለሪ ነበር። የታዋቂዎቹ የአሜሪካ ሠዓሊዎች የሮትኮ ነው፣ የፖሎክ ነው እያለ ሐሰተኛ ሥዕሎችን በሚሊዮኖች ዶላር ሲሸጥ ኖሮ እንደ ፈረንጆቹ በ2011 ተዘጋ። ሥዕሎቹ የመጡት ስሙ እንዳይጠቀስ ከሚፈልግ ሰብሳቢ ነው ይባል ነበር። አንዱ ላይማ የፖሎክ ስም ፊደል ተገድፎ ነው የተፈረመው! ባለ ሚሊዮኖቹ ገዢዎች ጣፋጭ ታሪክ ሰምተው ነው የከፈሉት።

ክፍያው ላይ እንምጣ። "በፔይፓል ለቤተሰብና ለጓደኛ እንደሚላከው አድርገው ይላኩልኝ፣ ኮሚሽን እንዳይቆረጥ" የሚል ሻጭ አለ። እንደዚያ ስትልኩ ፔይፓል ለገዢ የሚሰጠውን ጥበቃ ታጣላችሁ። በካርድ ከከፈላችሁ ግን ዕቃው ባይመጣ ባንካችሁ ጋ አቤት ማለት ትችላላችሁ። ታዲያ አዲስ አበባ ያለ ሠዓሊ ብዙ ጊዜ ካርድ መቀበል አይመቸውም። እኔ የማደርገው ቀላል ነው፤ የአክስቴን ልጅ ስቱዲዮው ድረስ እልካታለሁ። ሥዕሉን በዓይኗ ታያለች፣ ልኩን ትለካለች፣ ደረሰኝ ተቀብላ በቴሌብር ትከፍላለች። ዘመድ የሌለው ሰው አድራሻው በሚታወቅ ጋለሪ በኩል ቢገዛ ይሻለዋል፤ ዋጋው ከፍ ቢልም።

አንድ ነገር ልጨምር። የድሮ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ወይም ብራና በቴሌግራም ሲሸጥ ካያችሁ አትንኩት። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በሕግ የተከለከለ ነው፤ ከየት ተነቅሎ እንደመጣስ ማን ያውቃል? አዲስ የተሠራ ሆኖ ያረጀ የሚመስል ሥዕልም ኤርፖርት ላይ ጥያቄ ሊያስነሳባችሁ ስለሚችል፣ ቅርስ አለመሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ከቅርስ ባለሥልጣን አስቀድማችሁ አውጡ።

በሚቀጥለው ክፍል እንግዳ አለኝ፤ ፍሬም ሠሪ ነው። ሥዕል ተጠቅልሎ ይላክ ወይስ እንደተወጠረ የሚለውን እሱ ይነግረናል። ሰላም ሁኑ።