ፎቶ ከምንነሳበት ሕንፃ ሥር

ወገኖቼ፣ እንደምን አመሻችሁ።

እዚህ ዊኒፔግ ሠርግ የደገሰ ሁሉ የማኒቶባን ምክር ቤት ሕንፃ ደረጃዎች ያውቃቸዋል። ሙሽሮቹ ተደርድረው ፎቶ ይነሳሉ፣ አንዷ ሚዜ ከነፋሱ ጋር እየታገለች ቬሎ ትሰበስባለች፣ ከጉልላቱ አናት ላይ ያ የወርቃማ ልጅ ሐውልት ችቦውን ይዞ ቁልቁል ያያል። እኔ ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ መሠረቱ ነው።

በፈረንጆቹ 1915 ሕንፃው ገና እየተሠራ ነበር። ሰር ሮድመንድ ሮብሊን ከ1900 ጀምሮ የማኒቶባ ፕሪሚየር፣ ማለትም የክፍለ ሀገሩ መንግሥት መሪ ነው። የሚነቀነቅ አይመስልም። በ1914ም ለጥቂት ቢሆንም አሸንፏል። ኋላ ሂሳቡ ሲመረመር፣ ለመሠረቱ ጉድጓዶች የተከፈለበት ኮንክሪትና ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ኮንክሪት አልገናኝ አለ። ለተቋራጩ ከ800 ሺህ ዶላር በላይ አላግባብ ተከፍሎታል። በዚያ ዘመን ዶላር! ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው እንዲሉ፣ ከዚያ ብር ለፓርቲው የምርጫ ዘመቻ የተቀነሰ እንዳለበትም ታወቀ። ሮብሊን በግንቦት ሥልጣኑን ለቀቀ።

ነሐሴ 6 ምርጫ ተደረገ። የቶቢያስ ኖሪስ ሊበራሎች ከ47 ወንበር 40ውን ጠራርገው ወሰዱ። ለሮብሊን ፓርቲ፣ ለኮንሰርቫቲቮቹ፣ የተረፈው 5 ነው። አዲሱ መሪያቸው ጄምስ ኤይኪንስ የራሱን ወንበር እንኳ አላገኘም። (በዓመቱ የንጉሡ እንደራሴ ሆኖ ተሾመ። እንዲህ ያለውን ሽንፈት ማን ይጠላል?)

ኮንክሪቱ ብቻ ነው የጣላቸው ብላችሁ እንዳትወጡ። ጥር 1914 ሴቶች የመምረጥ መብት ሊጠይቁ ሮብሊን ፊት ቀረቡ። በትሕትና፣ ፈገግ እያለ፣ አይሆንም አላቸው። በማግስቱ ዎከር ቲያትር መድረክ ላይ ሴቶቹ ራሳቸው ምክር ቤት ሆነው ተቀመጡ። የመምረጥ መብት ለማኞቹ አሁን ወንዶች ናቸው። ለሴቶች መብት የምትታገለው ጸሐፊ ኔሊ መክለንግ ፕሪሚየሯን ሆና ተነሳች። የሮብሊንን አነጋገር፣ የእጁን አጣጣል ሳይቀር ቀዳችው። ወንድ ፖለቲካ ውስጥ ከገባ ልቡ ይሸፍታል፣ ዕዳው አይከፈልም፣ የቤት ዕቃ ይሰባበራል እያለች አባበለቻቸው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንዴ የተሳቀበትን ሹም ከዚያ ወዲያ ማን ይፈራዋል? እኔ ውድቀቱን የምቆጥረው ከዚያ ምሽት ነው።

የሚገርመው፣ በነሐሴው ምርጫ እነዚህ ሴቶች አንድም ድምፅ አልሰጡም። ገና አልተፈቀደላቸውማ! ኖሪስም ካሸነፈ በኋላ ፊርማ ሰብስባችሁ አምጡ አላቸው። ወደ 40 ሺህ የሚጠጋ አመጡለት። ዕድሜያቸው ከ90 ያለፈ አንዲት እናት ለብቻቸው ከ4 ሺህ በላይ ሰብስበዋል።

ሕጉ ጥር 28 ቀን 1916 ጸደቀ። ቲያትሩ ከታየ ልክ ሁለት ዓመቱ። ከመንግሥት ጋር በተደረገ ውል በተከለለላቸው መሬት ላይ የሚኖሩት የነባር ሕዝቦች ሴቶች ግን አልገቡበትም። እነሱ እስከ 1952 ጠበቁ።